ብርድ ያረጋው ዘይት

ኢዩ ማንኪያውን አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የእናቱን ድምፅ ሲሰማ መዋጥም መትፋትም አቃተው።

«ኢዩኤል! የፀጉር ቅባቴን ምን እያደረግከው ነው?»

እናቱ ፈለቀች ለሥራ ለባብሳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ኢዩ ጉንጩ እንደተነፋ፣ ከንፈሩ እንደወዛ ዞሮ አያት። ብልቃጡ ከፊቱ ተከፍቶ ተቀምጧል። በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ የኮኮናት ዘይቱ እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ መሐሉ ላይ ማንኪያ የቆፈረው ጉድጓድ ይታያል።

«ትፋው!»

ማጠቢያው ላይ ተፋውና አፉን ደጋግሞ ተጉመጠመጠ። የጽጌረዳ ሽቶ የመሰለው ጠረን ግን አፍንጫው ውስጥ ቀረ። ፈለቀች ብልቃጡን አንስታ ጀርባውን አነበበች።

«‹ለፀጉርና ለቆዳ ብቻ› ይላል። ማንበብ የተማርከው ለምንድነው? ይሄን ነገር መብላት ከጀመርክ ስንት ቀን ሆነህ?»

«ሳምንት አይሞላም።»

«ሆዴን ቆረጠኝ ብለህ ከትምህርት ቤት የቀረኸውስ?»

ኢዩ ወደ ብልቃጡ አየ። ሆዱ ለምን እንደተበጠበጠ ገና አሁን ነው የገባው።

«ለመሆኑ ለምንድነው?» አለች እናቱ፣ ድምፅዋ ትንሽ ለስለስ ብሎ።

«ለመወፈር።»

ፈለቀች ልትስቅ ነበር። የልጇን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

ኢዩ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ባለፈው ክረምት ቁመቱ በድንገት ተመዘዘ፤ ክብደቱ ግን አብሮት አላደገም። ገርጂ የሚገኘው ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ልጆቹ «እስክሪብቶ» ይሉታል። የባስኬት ቡድኑ ውስጥ ገብቷል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ሲጫወቱ አንዱ በትከሻው ገጨት ካደረገው ከሜዳው ውጭ ነው የሚያርፈው።

ጓደኛው ሃይለኣብም እስከ አምና ድረስ እንደ እሱ ቀጭን ነበር። አንድ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ነው የተማሩት። ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት ግን ሃይለኣብ ጉንጩ ሞልቶ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ጠብቦት መጣ። «ምን በልተህ ነው?» ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «የኮኮናት ዘይት ነው፣ ብሮ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ።» ይህን ሲናገር የተቀረፀው ቪዲዮ በተማሪው ሁሉ ስልክ ላይ ዞሯል። ኢዩም ያየውን አምኖ የእናቱን ብልቃጥ ከመታጠቢያ ቤት አነሳ።

ፈለቀች ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ሰዓቷን አየች። ኦሎምፒያ የሚገኘው መሥሪያ ቤቷ በጊዜ መድረስ አለባት።

«የሚበላው ሌላ ነው» አለች። «እኔ ግን ዘይት በማንኪያ ሲጠጣ አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ እትዬ ሸሪፋ ውረድ። እሳቸው በኮኮናት ዘይት ያበስላሉ። ይንገሩህ።»

እትዬ ሸሪፋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ድሬዳዋ ነው ያደጉት፤ ገርጂ ውስጥ የልብስ ሱቅ አላቸው። ኢዩ ታሪኩን አፍሮ ሲነግራቸው ሻሻቸው ከራሳቸው እስኪንሸራተት ሳቁ።

«የፀጉር ቅባት በላህ? ታዲያ ሆድህ ውስጥ ፀጉር በቀለ?»

«እትዬ፣ እባክዎ አይሳቁብኝ።»

«እሺ፣ እሺ። ና፣ ግባ። ጠዋት ምን በልተህ ነው የምትወጣው?»

«ሻይ።»

«ምሳስ?»

«አንዳንዴ ቺፕስ። አንዳንዴ ምንም።»

«እና ዘይቱ ምኑን ያወፍረው?» አሉና ወደ ኩሽና መሩት። «ዘይት መድኃኒት አይደለም፣ የኔ ልጅ። ምግብ ይሠራበታል፤ ምግቡ ነው ሰውን የሚያቆመው። እጅህን ታጠብ።»

ከመደርደሪያው ያወረዱት ብልቃጥ የጽጌረዳ ሽታ የለውም። ኢዩ አሸተተው፤ ጣፋጭ ነገር ሲጋገር የሚመጣውን ዓይነት ጠረን አገኘበት። እትዬ ሸሪፋ በማንኪያ አንድ ነጭ ጓል ፈንቅለው የጋለ ድስት ውስጥ ጣሉት። ጓሉ ድስቱ ላይ ተንሸራተተ፤ ጠርዙ ቀለጠና ወዲያው ውኃ የመሰለ ጥርት ያለ ዘይት ሆነ። ሽንኩርት ጨመሩበት። ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሄልና ቀረፋ ተከተሉ። ከዚያ ቀድሞ የተቀቀለ ቦሎቄ፣ በመጨረሻ ሩዝ።

«እሳቱን ቀንስ» አሉት። «ይሄ ዘይት ቁጣ አይወድም። ደግሞ ከፍሬ የወጣ ነው፤ ለጾማችሁም ይሆናል። እናትህ አትከለክልህም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኢዩ እናቱን ከኩሽና አስወጣት። እትዬ ሸሪፋ ከብልቃጣቸው ከፍለው ሰጥተውታል። መጀመሪያ በራሱ ፈጠራ ሽሮ ሠራበት። ፈለቀች አንድ ጉርሻ ጎርሳ ለረጅም ጊዜ አላመጠች።

«እንዴት ነው?»

«ሽሮው ሽቶ ተቀብቷል» አለች።

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሽሮውን ግን ሳይተዉት በሉት። ቀጥሎ ለእናቱ ሩዝ በቦሎቄ አመጣላት። ሳህኗን ባዶ አደረገች፤ ተነስታ ደግማ ጨመረች። ኢዩ ከዚያ የበለጠ ቃል አላስፈለገውም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። እናቱ ነበረች፤ ከጀርባዋ የሰዎች ጫጫታ ይሰማል።

«ኢዩ፣ የቋጠርኩትን ሩዝ ሰው ቀማኝ እኮ! ቢሮው በሙሉ ‹ማን ነው የሠራው?› እያለ ነው።» ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ለእሱ ብቻ እንዳልሆነ ያስታውቃል። «ልጄ ነው አልኳቸው። የእኔ ልጅ!»

ኢዩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጆሮው ጋለ። በፈተና አንደኛ ወጥቶ አያውቅም፤ ሜዳ ላይም ስሙ ተጠርቶ አልተጨበጨበለትም። ኦሎምፒያ ያሉ የማያውቃቸው ሰዎች እሱ የሠራውን ምግብ መሻማታቸው እንዲህ ደረቱን ይሞላዋል ብሎ አላሰበም ነበር።

ከዚያ በኋላ ኩሽናው የእሱ ሆነ ማለት ይቻላል። ማታ ሠርቶ ለራሱም ለእናቱም ምሳ ይቋጥራል፤ ጠዋት ሳይበላ አይወጣም። በኮኮናት ዘይት ምስርም ጎመንም ሞከረ፤ ጎመኑ ተወደደ፣ ምስሩ አልተሳካም። ትምህርት ቤት ያለው ሚዛን ላይ ሲወጣ መርፌዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም ማለት ይቻላል። ልምምድ ላይ ግን ለውጥ ነበረ። መጨረሻ መጨረሻ ላይ የሚከዳው ጉልበቱ አሁን አብሮት ይቆያል። ዘይቱ ይሁን፣ ቁርሱ ይሁን፣ ምሳው ይሁን አያውቅም።

«እስክሪብቶ ቀለም ሞላ እንዴ?» አለው አሰልጣኙ፣ ኮች ላጲሶ፣ አንድ ቀን የሜዳውን ዙር ሮጦ ከሁሉም ቀድሞ ሲጨርስ አይቶ። «ዓርብ ሲኤምሲ ለጨዋታ ስንሄድ ቋሚ ትገባለህ።»

ሃይለኣብ በዚያ ቀን ዙሩን አልጨረሰም። ገና ከመጀመራቸው ወደ ዳር ወጥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ክብ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ የያዘውን ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው ኢዩ።

«ምንም። እንቅልፍ አልተኛሁም።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠው የኢዩን ሩዝ ሲካፈሉ የባዮሎጂ መምህርቷ ማኅደር መጣች። የጤና ክበቡን የምትመራው እሷ ናት።

«ሁለታችሁም የኮኮናት ዘይት ትጠቀማላችሁ አሉ» አለች። «ዓርብ ጠዋት ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍሎችን እንሰበስባለን። የራሳችሁን ተሞክሮ ብትነግሯቸው? ቪዲዮውን አይተው ሁሉም እየጠየቁኝ ነው።»

«ይመቻል፣ ቲቸር!» አለ ሃይለኣብ ወዲያው።

መምህርቷ ስትሄድ ኢዩ ሳቅ አለ። «እኔ ማንኪያዋ ልትጎብጥ እስክትደርስ ስቆፍር የነበረውን ነው የማወራላቸው።»

«ምን ትቆፍራለህ?»

«ዘይቱን ነዋ።»

«አቦ አታካብድ! እኔ በክዳኑ ቀዳ አድርጌ ጭልጥ ነው።»

«ጠዋት?»

«ጠዋት ነዋ! ገና ሳይነጋ።»

ኢዩ ማላመጡን አቆመ። በታኅሣሥ፣ ገርጂ ውስጥ፣ ገና ሳይነጋ የኮኮናት ዘይት አይቀዳም። ብልቃጡን ብትገለብጠው እንኳ አንዲት ጠብታ አይወጣውም። ይህን ደግሞ አንድ ጠዋት ብቻ እንኳ ብልቃጡን የከፈተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እዚያው ደረጃው ላይ ሊናገር አልፈለገም፤ ልጆች ነበሩ። ወደ ቤት ሲሄዱ፣ የኮብልስቶኑ መንገድ ጭር ሲል ጠብቆ ጓደኛውን ክንዱን ያዘው።

«ሃይልሽ፣ አንተ የኮኮናት ዘይት ቀምሰህ አታውቅም።»

«ምን እያልክ ነው?»

«ጠዋት ይረጋል። እንደ ድንጋይ ነው የሚሆነው።»

ሃይለኣብ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልመጣም። አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

«ኪኒን ነው» አለ በመጨረሻ። «የሚያወፍር ኪኒን። ክረምት ላይ አንድ ልጅ ነው ያመጣልኝ። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ብዬ ነበር።»

«ሐኪም አያውቅም?»

«ማንም አያውቅም። እናቴ ‹ልጄ አማረበት› ብላ ለሰው ሁሉ ታወራለች። አሁን ደግሞ ሳቆመው ይደክመኛል፤ ያዞረኛል፤ ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። ስጀምረው ፊቴ ያብጣል።» ቀና ብሎ አየው። «ዓርብ ስለ ዘይቱ ብቻ እናውራ፣ ጀለሴ። አንተም ‹ከሃይለኣብ ነው የሰማሁት፣ ይሠራል› በል። ከዚያ ነገሩ ይረሳል።»

ኢዩ የስድስተኛ ክፍሎቹን አሰበ። እሱ ቪዲዮ አይቶ የፀጉር ቅባት ከበላ፣ እነሱ ምን ሊበሉ ነው? ዘይቱ አልሠራ ሲላቸውስ ለኪኒን ወደ ማን ይሄዳሉ?

«የሌለ ነገር አላወራም» አለ። «ያንተን ግን እኔ አልናገረውም። እሱ ያንተ ነው።»

ሃይለኣብ ትቶት ቀድሞ ሄደ። ሐሙስ ሙሉ ቀን አላናገረውም።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ በትንንሾቹ ተሞልቶ ነበር። ኢዩ ማይኩን ያዘ። ከዚያ በቀጥታ ከፀጉር ቅባቱ ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቱ «ትፋው!» ስትል፣ እትዬ ሸሪፋ ሆዱ ውስጥ ፀጉር ስለመብቀሉ ሲጠይቁት፣ ሽሮው ሽቶ ሲቀባ፤ አንዱንም ሳይደብቅ ነገራቸው።

«አላወፈረኝም» አለ። «እዩኝ፤ አሁንም እስክሪብቶ ነኝ። በማንኪያ ስውጠው ሆዴን ነው ያበላሸው። ምግብ ስሠራበት ግን ወደድኩት። ቁርስ መብላት ጀመርኩ፤ ምሳዬን ራሴ መሥራት ቻልኩ። እናቴ ቢሮ ይዛው ስትሄድ ይሻሙባታል።» ይህን ሲል ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ። «ዘይት ነው። ጥሩ ዘይት ነው። ተአምር ግን አይደለም።»

ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች። «ሃይለኣብ ግን በእሱ ወፍሯል!»

አዳራሹ ሁሉ ወደ ሃይለኣብ ዞረ። ኢዩ ጓደኛውን አላየውም፤ ማየቱ ማስገደድ መሰለው። ማይኩን ብቻ ዘረጋለት።

ሃይለኣብ ተነስቶ ያዘው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከኋላ ያሉት መንሾካሾክ ጀመሩ።

«እኔ የኮኮናት ዘይት ቀምሼ አላውቅም» አለ። «ውሸቴን ነው። የወሰድኩት ኪኒን ነው፤ ሐኪም ያላዘዘው። አሁን እያመመኝ ነው።» ወደ ትንሿ ልጅ ዞረ። «እንዳትወስዱ።»

ማንም አልሳቀም። ኢዩ በዚያች ቅጽበት የተሰማውን ኩራት ሲኤምሲ ሜዳ ላይ ነጥብ ቢያስቆጥር እንኳ እንደማያገኘው አወቀ። ኩራቱ ደግሞ በራሱ አልነበረም።

መምህርት ማኅደር ሁለቱን ወደ ውጭ ወሰደቻቸው። አልተቆጣችም። «ዛሬ ማታ ለእናትህ እደውላለሁ፤ ግዴታዬ ነው» አለችው ለሃይለኣብ። «ግን ከእኔ በፊት ከአንተ ብትሰማው ይሻላል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም ትሄዳላችሁ።»

ከሰዓት በኋላ የቡድኑ መኪና በሩ ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። ልጆቹ እየተጋፉ ይገባሉ። ኢዩ አዲሱን ማልያ ለብሷል። ሃይለኣብ በዛፉ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጧል። ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እሱ አልተነሳም።

«ሂድ እንጂ፣ መኪናው ሊሄድ ነው» አለው ሃይለኣብ። «ቋሚ ነህ አይደል?»

«አንተስ?»

«ለእናቴ እነግራታለሁ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።» ቦርሳውን ግን አጥብቆ አቀፈ።

ኢዩ መኪናውን አየ። የመጀመሪያው ቋሚ ጨዋታው ነው። ለዚህች ቀን ስንት ጊዜ ተቀያሪ ወንበር አሙቋል! ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለ፤ ሃይለኣብ ራሱን ነቅንቆ ከፈቀደለት በኋላ ባጭሩ ነገራት።

«ልጁን ብቻውን እንዳትተወው» አለች። «ኪኒኑንም በገዛ እጁ ድንገት እንዳያቆም በለው፤ ያን ሐኪም ነው የሚወስነው። እኔም አስፈቅጄ እመጣለሁ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለቢሮው ሳይሆን ለእሱ ብቻ፣ «የእኔ ልጅ» አለችው።

ኮች ላጲሶ በመኪናው በር ላይ ስም እየጠራ ነበር።

«ኮች፣ እኔ አልሄድም። ሃይለኣብ አሞታል፤ ቤቱ ላደርሰው ነው።»

«ዛሬ ቋሚ ነህ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ኮች ላጲሶ ዛፉ ሥር ወደተቀመጠው ልጅ ተመለከተ። የጠዋቱን ሰምቶ መሆን አለበት፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። «ማልያውን አውልቅና ስጠኝ» አለ። ከተቀበለው በኋላ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ሰኞ ልምምድ እንዳትቀር።»

መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ሁለቱ ልጆች በታክሲ ሰልፈኞች መሐል አልፈው ወደ ሕንፃቸው አቀኑ። ኢዩ ሁለቱንም ቦርሳ ያዘ። ሃይለኣብ ደረጃው ላይ ደጋግሞ እየቆመ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ኢዩም አብሮት ቆመ፤ አላቻኮለውም።

በሩ ላይ ሲደርሱ ሃይለኣብ እጁን ለማንኳኳት አነሳና መለሰው።

«አንተ ጀምርልኝ፣ በናትህ።»

«አልጀምርልህም» አለ ኢዩ። «ግን የትም አልሄድም።»

ሃይለኣብ በሩን አንኳኳ። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ወደ እነሱ መምጣት ጀመረ። ኢዩ ቦርሳዎቹን መሬት ላይ አስቀምጦ ከጓደኛው ጎን ተጠግቶ ቆመ።